ጽንስ አስወርዷል ተብሎ ስለተፈረደበት መጥበሻዬ

ለክቡር ባላምባራስ ውብአየሁ
የሰፈራችን የሽማግሌዎች ጉባኤ ሰብሳቢ
ሰበታ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፳፱ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ክቡር ባላምባራስ ሆይ፣

ለጤናዎ እንደ ምን ሰንብተዋል? ወገብዎስ እንዴት ነው? ጉባኤው የሚቀመጥበትን አግዳሚ ወንበር የሠራሁት እኔ ነኝና አንደኛው እግሩ ከሌሎቹ ማጠሩን ከማንም በፊት አውቃለሁ። ሰዎች "ባላምባራስ ፍርድ ሲሰጡ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ" እያሉ ሲያሙዎት፣ ጥፋቱ የዳኛው ሳይሆን የአናጢው ነው እያልሁ ስከላከልልዎ መኖሬን እግዚአብሔር ያውቃል።

ይህን ደብዳቤ በእጅዎ መስጠት ሲገባኝ በወፍጮ ቤቱ በር ላይ መለጠፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ። ባለፈው ጊዜ በቃሌ ላስረዳ ብቆም "አንተ ቧልተኛ፣ አፍህን ዝጋ" ብለው ስላዘዙኝ፣ እኔም ታዛዥ ሰው ነኝና አፌን ዘግቼ ብዕር አነሣሁ። ማንበብ የማይችለውም ሰው እህሉ እስኪፈጭለት ድረስ ከሚችለው ጎረቤቱ ይሰማዋል።

ለማያውቀኝ አንባቢ፣ ደገፋ ነገሳ እባላለሁ። ፊደል የለየሁት ምስማር በተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ስለሆነ የማውቀው ነገር ሁሉ መካከሉ የተበሳ ነው። የእኅቴ የደጊቱ ልጅ አያንቱ የባላምባራስ ምራት፣ የልጃቸው የጌታቸው ሚስት ናት። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ጊዜ ጨነገፈባት። አሁን ጉባኤው ለኅዳር ሚካኤል ማግስት ቀጠሮ ይዟል፤ ልጅቷ ከባሏ ጋር ትቆይ ወይስ ቡራዩ ወደ እናቷ ቤት ትመለስ የሚለውን በዚያ ቀን ሊቆርጥ ነው። የምጽፈውም ስለዚህ ነው። ቀልድ ከአፌ የማይጠፋው ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ ነገሩ የሚያስቅ ሆኖ አይደለም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ መጥበሻዬ።

ባለፈው ፍልሰታ፣ በጭነት መኪና ዝዋይ የሚመላለሰው ወዳጄ ሀሰኖ አንድ ትልቅ ዓሣ አመጣልኝ። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ ትቼ፣ እኔ ሚስት የሌለኝና በሕይወቴ ዓሣ ጠብሼ የማላውቅ ሰው፣ ከነቅርፊቱ መጥበሻ ላይ ጣልሁት። የወጣውን ሽታ ሰፈሩ እስከ ዛሬ አልረሳውም። አያንቱ በዚያ ሰዓት በደጄ ስታልፍ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ "ኤሱማ፣ ቤቱ ነው እንዴ የሚቃጠለው?" አለችኝ፤ ኤሱማ በእኛ በኦሮምኛው የእናት ወንድም ማለት ነው። ዓሣውን እኔም አልበላሁት። ድመቴም አንድ ጊዜ አሸተተችውና ቤት ቀየረች።

በሳምንቱ ልጅቷ ጽንሱ ወረደባት። ጉባኤው ተሰብስቦ፣ እርጉዝ ሴት ሽታው የደረሳትን ምግብ ካልቀመሰች ጽንሷ ይወርዳል የሚለውን የቆየ እምነት ጠቅሶ፣ ዓሣውን ያላቀመስኋት እኔ ነኝና ጥፋተኛ ነህ አለኝ። ስለዚህ ፍርድ ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ የሠራሁት በር አይዘጋም፤ የሠራሁት መስኮት አይከፈትም። ከእጄ ከወጣው ነገር ሁሉ አንዱ እንኳ ኃይል እንዳለው በሽማግሌ ፊት ሲመሰከርልኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

፪ኛ. ስለ በጉ።

ለአያንቱ ጉዳት ካሣ እንዲሆን አንድ በግ እንዳቀርብ ተፈረደብኝና አቀረብሁ። ጾሙ እንደ ተፈታ በጉ በግቢዎ ታረደ፣ ተጠበሰ፣ ጉባኤውም በላው። አያንቱ ከግድግዳው ወዲያ ተኝታ ነበር። ሽታው ደርሷታል፤ የቀመሰችው ግን የለም። በራሳችሁ ሕግ ከሄድን ያን ዕለት እርጉዝ አለመሆኗ መላውን ጉባኤ ከከባድ ክስ አድኖታልና እንኳን ደስ ያላችሁ። የጎድኑ ጥብስ ጥሩ እንደ ነበረ ሰምቻለሁ።

፫ኛ. ስለ ወንዙ።

የመጀመሪያው ጽንስ ሲወርድ ጉባኤው የፈረደው በወንዙ ላይ ነበር። በእኩለ ቀን ብቻዋን ስለ ተሻገረች አንድ ነገር መትቷታል ተባለ። እዚህ ላይ ጉባኤውን ብቻ ልወቅስ አልችልም፤ እኔም በተበሳው እውቀቴ አምኜ፣ ዳግመኛ እግሯ ውኃውን እንዳይነካ ብዬ የእንጨት ድልድይ ሠራሁላት። ድልድዩ በመጀመሪያዋ አህያ ተሰበረ። አህያዋ ደህና ናት።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ ግን አንድ ሐሳብ መጣብኝ። የእኔ መጥበሻ ይህን ያህል ኃይል ካለው ሐኪሞች ሊያውቁት ይገባል አልሁና አያንቱን ይዤ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ሄድሁ። ሐኪሙ ገና ስሟን ሳይጠይቅ እኔ ተነሥቼ ጥፋቴን ተናዘዝሁ፤ ዓሣውን ከነቅርፊቱ፣ ፍርዱን ከነበጉ አስረዳሁ። ሰውዬው ብዕሩን አስቀምጦ ሳቀ። ወዲያው ግን የልጅቷን ፊት አየና ሳቁን ትቶ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

መጀመሪያ የጠየቃት፣ የፊተኛው ጽንስ ከመውረዱ በፊት ቆላ ወርዳ እንደ ሆነ ነው። ወርዳለች። ጌታቸው ለጥጥ ንግድ አዋሽ ሲወርድ አብራው ሄዳ፣ ስትመለስ በትኩሳት ስትንቀጠቀጥ ሰንብታ ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ጋቢ የደራረብንባት እኛው ነን። ሐኪሙ የወባ ትኩሳት ብቻውን ጽንስ ሊያስወርድ እንደሚችልና እርጉዝ ሴት ወባ ካለበት አገር ከሄደች አስቀድማ መድኃኒት መጠየቅ እንዳለባት ነገረን። እኛ ግን ወንዙን ከሰን፣ ትኩሳቱን በነጻ አሰናብተናል።

ስለ ሁለተኛው ሲጠየቅ "አላውቅም" አለ። ክቡር ሆይ፣ ይህን ቃል ከተማረ ሰው አፍ ስሰማ ደነገጥሁ፤ በጉባኤያችን ተነግሮ አያውቅምና። ቀጥሎ ያስረዳን እንዲህ ነው። ከሚወርደው ጽንስ ብዙው ገና ሲጀመር በትክክል ሳይያያዝ የቀረ ነው፤ ከመቶ ዘር ሁሉም እንደማይበቅለው ማለት ነው። ይህ በእናትየዋ ሥራም በአባትየው ኃጢአትም የሚመጣ አይደለም፤ ብዙዎቹም ሴቶች ከዚያ በኋላ ደህና ይወልዳሉ። ሌላው ደግሞ ምክንያት ያለው ነው። ከባድ ትኩሳት አለ፤ ምልክት ሳያሳይ በባል ወይም በሚስት ደም ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ቂጥኝ አለ፤ የስኳር በሽታ አለ፤ መጠጥ ማብዛት አለ፤ የማሕፀን አፍ መላላት አለ፤ የእናት ዕድሜ መግፋትም አለ። ድንጋጤ፣ የቤት ሥራና የምግብ አምሮት ግን በእርሱ መዝገብ ውስጥ የሉም። ለእርጉዝ ሴት ማቅመሱን ግን እንዳትተዉት አለን፤ ልማዱ የተራበች እናት ያጠግባል፣ ክፋቱ ሰው ሲከሰስበት ነው።

ከዚያ አያንቱ አቀርቅራ አንድ ነገር ተናገረች። ጽንሱ በወረደ ዕለት ጠዋት ከምንጭ እንስራ ውኃ ተሸክማ ነበር። ለማንም አልነገረችም። ጉባኤው እኔን ሲቀጣ፣ እኔ በጌን ስጎትት፣ እሷ ግን ልጄን የገደልሁት እኔ ነኝ ብላ ዝም ብላ ኖራለች። ሐኪሙ "ውኃው አይደለም። አንቺም አይደለሽም" አላት። እስከ ዓለም ገና ድረስ በአውቶቡስ ውስጥ አለቀሰች። ቀልድ ፈልጌ ያጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

፬ኛ. ስለ ልጅዎ ደም።

ሐኪሙ የአያንቱን ደም ወስዶ፣ እንደገና ከማርገዟ በፊት የባሏም ደም መታየት አለበት፤ በሽታ ከተገኘ ሁለቱም አብረው ካልታከሙ አንዱ ለሌላው እየመለሰ ይሰጠዋል አለ። እኔም መልእክቱን አደረስሁ። እርስዎም "የእኔ ዘር በመርፌ አይመረመርም" ብለው መለሱልኝ። አመሰግናለሁ። የምራትዎ ማሕፀን በአሥራ ሁለት ሽማግሌ ፊት፣ በአደባባይ፣ በተንጋደደ ወንበር ላይ ሲመረመር፣ የልጅዎ ክንድ ግን ከአንዲት መርፌ መጠበቁ የዘርዎን ክብር ያሳያል።

ጌታቸው ራሱ ክፉ ልጅ አይደለም። በጓሮ ጠርቶኝ፣ መርፌው ያማል ወይ ብሎ በቀስታ ጠይቆኛል። እኔም ድፍረት ላስተምረው ብዬ ከአያንቱ ጋር ተመልሼ ሐኪም ቤት ሄጄ የራሴን ደም አስወሰድሁ። ማለት፣ እጅጌዬን መጠቅለሌን አስታውሳለሁ። ዓይኔን ስገልጥ እርጉዞች ወረፋ በሚጠብቁበት ክፍል በጀርባዬ ተዘርሬ ነበር፤ አንዲት ደግ ሴት ስኳር በውኃ እያጠጣችኝ "አይዞህ አባባ፣ ስንተኛ ወርህ ነው?" አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አያንቱም ስትስቅ አየኋት፤ ስለዚህ ድጋሚ መውደቅ ካስፈለገ ዝግጁ ነኝ።

ክቡር ባላምባራስ፣ ልመናዬ አጭር ነው። የሁለቱም ምርመራ ሳይታወቅ ጉባኤው ስለ አያንቱ አንዳች አይቁረጥ። ጥፋተኛ የግድ ካስፈለገ እኔ አለሁ፤ መጥበሻዬን ተሸክሜ እቀርባለሁ፣ ሁለተኛ በግም አላጣም። ልጅቷን ግን ተዉልኝ። ሁለት ጊዜ ያለቀሰችበትን ነገር ሦስተኛ እናንተ ፊት ቆማ እንድትከሰስበት አታድርጉ።

እድሜና ጤና ከወገብ ጥንካሬ ጋር እየተመኘሁ፣ የበሮቼ አለመዘጋትና የመስኮቶቼ አለመከፈት ያላሳፈረኝ፣ በሴቶች ወረፋ ላይ የወደቅሁ፣ በፍርድዎ ዝነኛ የሆንሁ ታዛዥ ጎረቤትዎ፣

ደገፋ ነገሳ
አናጢ፣ የተፈረደበት ዓሣ ጠባሽ

ግልባጭ፦
ለወፍጮ ቤቱ ደንበኞች በሙሉ፣
በጉን ለበሉት ሽማግሌዎች፣
ለድመቴ፣ ካለችበት።

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦

ባላምባራስ፣ አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ? ዛሬ ጠዋት ቁርስ የሚያቀርብልዎ አጥተው ግራ ገብቶዎት ከሆነ አይጨነቁ። ባለቤትዎ ወይዘሮ አትክልት ጌታቸውንና አያንቱን ይዘው በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ሐኪም ቤት ሄደዋል። ልጁ ትናንት ሲያመነታ "ከአንተ በፊት ሦስት ወርደውብኛል፤ አባትህ ግን ወደ እናቴ ቤት አልመለሰኝም፤ ተነሥ" ብለውታል። ይህንም ጻፈው ብለው የፈቀዱልኝ ራሳቸው ናቸው። በዚያ ዘመን እኔ ገና ጎረምሳ ሆኜ ሱሉልታ ነበርሁ፣ መጥበሻም አልነበረኝም፤ ስለዚህ ያን ጊዜ በጉን ማን እንደ ከፈለ ጉባኤው ቢያጣራ መልካም ነው።

እስከዚያው እንዳይራቡ ብዬ ከደጃፍዎ ላይ በሳህን የተከደነ ነገር አስቀምጫለሁ። ሀሰኖ ትናንት መጥቶ ነበር። ሽታው ደርሶኝ ሳያቀምሰኝ ቀረ እንዳይሉኝ ነው።