በጠመንጃ የወረደው ዲሽ

ቨርሊን፣

ትምህርት ቤት ያልረገጠች አሮጊት ምን ታውቃለች ብለሽ ስቀሽብኛል። የዲሹ ድርጅትና የከተማችን ቴሌቪዥን ጣቢያ ባለቤት ተጣልተው ጣቢያው ሲጠፋብን፣ «የድሮውን አንቴና እንስቀል፣ እሱ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም» አልኩሽ። «እትዬ፣ ዶሮ ይስፈርበት» አልሽኝ።

ትናንት ጣቢያው አውሎ ነፋስ መጣ ብሎ ሲጮህ እኛ አልሰማንም። ወንድማችን ሆሊስ ከብት ሲያበላ የበረቱ ጣሪያ ተናደበት። ዛሬ እግሩን ሊቆርጡት ነው። ሆስፒታል እሱ ዘንድ ሄጃለሁ።

ዲሹን በጠመንጃ አፈራርሼዋለሁ።
አንዱ ጥይት የመኝታ ቤትሽን መስኮት አገኘው። መስኮቱ ምንም አልበደለኝም ነበር፤ ካርቶን ለጥፌበታለሁ። ሾርባ ምድጃው ላይ አለልሽ።

አንቴናው ምድር ቤት ደረጃው ሥር ነው። ሰማዩ ዳግም ሳይጠቁር ጭስ ማውጫው ላይ እሰሪው። የድርጅቱ ሰው አዲስ ዲሽ ሊተክል ከመጣ፣ እኔ እስክመለስ እንዳትለቂው።