ጭስ የሚበላው ሸክላ

ኖቬምበር 3

ዛሬም ፈለጣ። ግንዱን ለአራት፣ ከዛ ለስምንት፣ ከዛ እንደ ጣት እስኪቀጥን። እማዬ በመስኮት አየችኝና "ኦዲል፣ ለምድጃ ነው ወይስ ለጥርስ መጎርጎሪያ?" አለች። ቆይ ታያለሽ አልኩ በልቤ...

ልክ ነኝ። ራሴ አንብቤ ነው የደረስኩበት። እሳት የሚበላው የእንጨቱን ፊት ነው፣ ውስጡን አያገኘውም። በፈለጥሽው ቁጥር አዲስ ፊት ይወጣል። ፊት ሲበዛ ቶሎ ይነዳል። ቶሎ ከነደደ ጭስ የለም። አለቀ! ለዚህ ኮሌጅ ምን ያደርጋል? ኮሌጁ ለወንድሜ ለኖርማንድ ነበር። ለኔ የድንች ማሳው።

ኖቬምበር 6

ኖርማንድ ከፖርትላንድ ደወለ። "ለታንክስጊቪንግ በዓል እመጣለሁ። ቤቱ እንዲህ እየጨሰ ካገኘሁት እማዬን ይዣት ነው የምሄደው። ሳንባዋ አልቋል።"

"እኔስ?"

"አንቺማ ከፈለግሽ እዛው ተጠበሺ።"

እማዬ እኮ እዚሁ ወንዝ ዳር ነው የተወለደችው። እዛ ፖርትላንድ ፎቅ ላይ ማን በአፍ መፍቻዋ በፈረንሳይኛ ያጫውታታል? ማን? የሱ ሚስት?

ኖቬምበር 9

ባሰ! ምድጃውን በስንጥር ጢም አድርጌ ሞላሁት፣ ጭሱ ቡልቅ... ቤታችን ጎድጓዳ ቦታ ላይ ስለሆነ ወርዶ ግቢው ላይ ተኛ። በበሩ ስር ገባ። እማዬ ቀኑን ሙሉ ስትስል ዋለች። ቶሎ ከነደደ ጭሱ ከየት መጣ?

ሌባው ምድጃውን የሸጠልኝ ሰውዬ ነው። "የማያጨስ ምድጃ" ብሎ! የምድጃው ጉሮሮ ላይ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ሸክላ ወትፎበት ነበር። አየር ይዘጋል ብዬ ያኔውኑ ነቀልኩት። ባልነቅለው ታፍነን ነበር።

ኖቬምበር 14

ጭስ ማውጫ ጠራጊው ዤራር መጣ። ምድጃው ውስጥ አንገቱን ከቶ ጉሮሮውን በእጁ ዳበሰ።

"ሴትዮ፣ ሸክላው የታለ?"

"ነቀልኩታ።"

"ነቀልሽው? ልብሽንስ ከበደኝ ብለሽ አትነቅዪውም?"

እማዬ ከወንበሯ ሆና ሸክላውን ከፍ አድርጋ "ይሄን ነው?" አለች። ሹራብ መስሪያ ሽቦዎቿን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ሰክታበታለች! ዤራር ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ከዛ ነገረኝ። ስንጥሩ ቶሎ ይግላል፣ እሱ ላይ ልክ ነሽ። ግን እንጨት ሲግል የሚነድ ጋዝ ይተፋል፤ ሁሉም ባንዴ ሲተፋ እሳቱና አየሩ አይበቁትም። የተረፈው ጭስ ይሆናል። "ያልነደደ እንጨት ነው ወደ ሰማይ የምትልኪው።" ጭስን ለብቻው ማንደድ ከባድ ሙቀት ይፈልጋል። ሸክላው ላይ ግን ፕላቲነም የሚባል ብረት በስሱ ተቀብቷል። ጭሱ እሱን ሲነካ በግማሹ ሙቀት ይነዳል። የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ደግሞ በዓይን የማይታይ ሻካራ ነው፤ ያ ሁሉ ቢዘረጋ የድንች ማሳ ያህላል አለኝ። በሁለት እጄ የያዝኩት ነገር!

"ፕላቲነሙስ መቼ ነው የሚያልቀው?"

"እሱ አይነድም። ያነዳል እንጂ።"

"የሚሰራ ነገር ሁሉ ያልቃል!"

"አመድ ካፈነው ይደነዝዛል። ሰርቶ ግን አያልቅም። ምን ላርግሽ?"

እየተነጫነጭኩ ሸኘሁት። ሰርቶ የማያልቅ... አባዬ አለቀ። እኔ እያለቅኩ ነው። ይሄ ማነውና?

ኖቬምበር 15

አመዱን በለስላሳ ብሩሽ ጠርጌ ሸክላውን መለስኩት። ወፈር ወፈር ያለ እንጨት ከተትኩ። ምድጃው በደንብ እስኪግል ጠበቅኩና፣ ጭሱ በሸክላው በኩል ብቻ እንዲወጣ ሌላውን መንገድ ዘጋሁበት።

ምንም የለም... ምንም... ከዛ ቀላ።

ነበልባል ሳይነካው! ከታች እንጨቱ ቀስ ብሎ ይጨሳል፣ ከላይ ሸክላው ለብቻው እንደ ፍም። ሮጬ ወጣሁ። ጭስ የለም። ማውጫው አናት ላይ አየሩ ብቻ ይርገበገባል። በረዶው ላይ በሸሚዝ ቆሜ ቀረሁ። አምላኬ... ስንት ዓመት ሙሉ ይሄን ሁሉ ሙቀት ወደ ሰማይ ስበትን ኖርኩ?

"ግቢ፣ ልትሞቺ ነው!" ትላለች እማዬ። ትንሽ ልየው አልኳት።

ግማሹን ብቻ ነበር የማውቀው። ተሳስቼ ደስ ሲለኝ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

ኖቬምበር 19

ዛሬም ቀላ። ዛሬም ወጥቼ አየሁ።

ኖቬምበር 27

ኖርማንድ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ይጮሃል። "ጭስ እንኳ የለም! እሳቱን አጥፍተሽ እናቴን በብርድ ልትገያት ነው?" በእጁ ባዶ ሻንጣ። የእማዬን ልብስ ሊከትበት መሆኑ ነው። በሩን በርግዶ ገባ፣ መነጽሩ ወዲያው ጭጋግ ሆነ። እማዬ ያለ ሹራብ ቁጭ ብላለች።

"በሩን ዝጋው፣ ቤቱን አታብርድብኝ" አለችው።

የምነግረው ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር! ከኮሌጁ ጀምሬ። መነጽሩን እየጠረገ ምድጃው ፊት በርከክ አለ። "ይሄ የቀላው ምንድን ነው?"

"ዝም ብለህ እይ" አልኩት። እኔም አጠገቡ ቁጭ አልኩ። የበዓሉ የቱርክ ዶሮ እስኪበስል ሸክላውን አብረን አየነው።

ብቻውን ሄደ። እማዬ ሻንጣውን ድንች ሞልታ ሰጠችው።