እህትህ የተመዘነችበት ቀን

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ነህ? ብርዱስ እንዴት ያደርግሃል? እኔ ደህና ነኝ። ጽሑፌ ተንጋዶ ብታየው ትራስ ተደግፌ ስለምጽፍ ነውና ሐሳብ አይግባህ።

የእህትህን ነገር ልንገርህ። ለጎረቤት ሁሉ አውርቼ አልወጣልኝም።

በስልክ እንደነገርኩህ እህትህ የምትሠራበት የሸሚዝ ፋብሪካ ስፌቱን ለአዳዲስ ማሽኖች ሊሰጥ ወሰነ። ሠራተኛውን ከማሰናበቱ በፊት ግን ማን ምን እንደሚችል፣ ለየትኛው አዲስ ሥራ እንደሚሆን የሚመዝኑ ባለሙያዎች አስመጣ። የእህትህም ተራ ደረሰ። ጆሮዋ ለማይሰማ ልጅ ምን ፈተና ይሰጧታል? ቁልፍ ከመትከል ሌላስ ምን ታውቃለች?

እንደ ልማዴ ምላሷ ልሆንላት አብሬያት ሄድኩ። መዛኟ ረጋ ያለች ሴትዮ ናት። ለመጀመሪያው ጥያቄ እህትህ እጇን ሳታነሳ እኔ መለስኩ። ለሁለተኛውም እንደዚያው። ይሄኔ ሴትዮዋ ፈገግ ብላ፣ «እማማ፣ የምመዝነው እርስዎን አይደለም፤ እስቲ ውጭ ይጠብቁን» አለችኝ። ቅር እያለኝ ወጣሁ። ደግነቱ ግድግዳው መስታወት ነውና አፍንጫዬን ለጥፌ ቆምኩ።

ልጄ፣ ያየሁትን እንዴት አድርጌ ልጻፈው?

ሌሎች ተፈታኞችም ገብተው ከተቀመጡ በኋላ አንድ ቴክኒሻን የደም ግፊት መለኪያ በታትኖ፣ እያስረዳ መልሶ ገጠመው። ተፈታኞቹ በሙሉ አፍ አፉን ያያሉ። እሷ ቀና ብላ ፊቱን አላየችውም፤ ዓይኗ ጣቶቹ ላይ ተተክሏል። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው የተበታተነ መለኪያ ሰጣቸው። እህትህ የእሷን እንደ ቀልድ ገጠመችው።

እሱስ ይሁን። አጠገቧ የተቀመጠው የመጋዘን ሠራተኛ ግን ግራ ገብቶት ላብ በላብ ሆኗል። ክንዱን ነካ አደረገችው። የራሷን ፈታችና የመጀመሪያዋን ዕቃ ብቻ ገጥማ ጠበቀችው። ሲሳሳት አትነጥቀውም፤ ቅንድቧን ከፍ ታደርጋለች፣ እሱም ራሱ ያርማል። ሲጨርስ ሁለቱም ሳቁ። ወዲያው ሌላዋ ሴት ወንበሯን ስባ ተጠጋች፤ ቀጥሎ ሌላው። በመጨረሻ ቴክኒሻኑም ማውራቱን ትቶ ያያት ጀመር። ያ ሁሉ ሰው በእህትህ እጅ ሲነጋገር አፌን ይዤ ቀረሁ።

መዛኟ ወጥታ አጠገቤ ቆመች። «ቁልፍ መትከሉን ማሽን ወሰደው፤ ይሄን ግን የሄደችበት ሁሉ ይዛው ትሄዳለች» አለችኝ። ቀጥላም ማን እንዳስተማራት ጠየቀችኝ። እንጃ አልኳት፤ እውነቴን ነው። ዓይኔ ሥር አድጋ እኔው እንግዳ ሆንኩባት።

አሁን ፋብሪካው የሕክምና መሣሪያ መገጣጠሚያ ከፍቷልና እዚያ አዲስ ገቢዎችን ታለማምዳለች። ደመወዟም ከፍ ብሏል። የመጋዘኑ ሰውዬ ስሟን በምልክት ተምሮ፣ መንገድ ላይ ሲያገኛት ከሩቅ ይጠራታል አሉ። ቤት ስትመጣም አለቃ ሆናለች፤ መድኃኒቴን አልውጥም ስላት ያንን ቅንድቧን ታነሳብኛለች፣ እኔም ሳልወድ በግዴ እውጣለሁ።

«እናቴ ስትደክም እህቴን ማን ያያታል?» ብለህ ጠቅልለህ ልትመለስ እንዳሰብክ አክስትህ ነግራኛለች። ለእሷ ብለህ ሥራህን እንዳትተው፣ አደራህን። ለእኔም አትስጋ። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው፤ ብዙ አያወራም። የዓመት ፈቃድህን ግን ለከርሞ አታቆየው።

የረገጥከው ይለምልምልህ፤ ክፉ ዓይን አይይህ፤ እንጀራህ ከሰው ፊት አያቁምህ።

እናትህ