ኪሮስ፣ ያሰርከውን ሞተር ፈታሁት

ኪሮስ ሆዴ፣

ከተለያየን ክረምቱ ገብቶ ወጣ። አንተ ያለህበት መንገድ ጠጠር ይሁን አስፋልት አላውቅም፤ አንተ ትመላለስበት የነበረው የኒሯቁ መንገድ ግን እንደተውከው ነው። እንዲያውም ጎርፍ ግማሹን ወስዶታል፤ የቀረውን ሾፌሮቹ በስድብ ይጠግኑታል። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ፣ ለለቅሶ ከመጣው ሰው ሁሉ ምክር ተርፌአለሁ ማለቴ ነው።

ለቅሶህ ያማረ ነበር። ሰው እስከ ሠልስትህ ድረስ አለቀሰልህ፤ ከዚያ ወደ ሞተሩ ዞረ። ምን ያድርግ፣ ድንኳኑ የተተከለው ፒክአፕ መኪናህ ፊት ለፊት ነው። ተበትኖ እንደ አዲስ የታሰረ ሞተር፣ ያሰረው ሰው ሞቶ፣ አልዞርም ብሎ ግቢ መካከል ሲገተር ዝም ብሎ የሚያይ ወንድ በሰቆጣ አልተወለደም። ንፍሮ እየቆረጠሙ ምርመራ ጀመሩ። አንዱ "ባትሪዋ ነው" ይላል። ሌላው "ተው እባክህ፣ ማስነሻዋ ነው፣ ሞተሪኖዋ" ይላል። ዕድሜውን ሙሉ ከበቅሎ ሌላ ነድቶ የማያውቅ አንድ ሽማግሌ ደግሞ "ኀዘን ነው፤ ብረትም ያዝናል" ብሎ ድንኳኑን እንደገና አስለቀሰው። የነፍስ አባትህ ጠበል ረጩባት። ጠበሉ ለነፍስ ነው፣ ለብረት ግን ዝገት ነው ብዬ፣ ዞር ሲሉ በነጠላዬ ጠረግኩት።

ያሰርካት ዕለት በትልቁ ቁልፍ ስታዞራት እንደከበደችህ አይቻለሁ። "አዲስ ሞተር እንደ ሙሽራ ይግደረደራል፤ ነገ ትለምዳለች" አልከኝ፣ እጅህን በናፍጣ ታጥበህ ገብተህ ተኛህ። ነገ የሚባለው ላንተ አልመጣም። ልብ ነው አሉ።

ልጃችን ምስጋናው መንጃ ፈቃዱን እንደ ክታብ በኪሱ ይዞ ይዞራል። በሠልስትህ ማግስት አጠገቤ ቁጭ አለና "እማ፣ ይህች ከተነሳች የአባዬን መስመር እይዛለሁ። ካልተነሳች ከሰፈሩ ልጆች ጋር ባሕሩን እሻገራለሁ" አለኝ። አልጮኸም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። ሊፈታት ቁልፍ ሲያነሳ ታላቅ ወንድምህ ጋሼ ፈንታው ከአግዳሚው ተነሥተው አዋጅ አወጁ። "የሟች እጅ ያሰረውን እስከ አርባው የሚፈታ የለም! የአባትህ እጅ ገና ሳይበርድ?" እንዲህ ያለ ሕግ በዋግ ምድር ተሰምቶ አያውቅም፤ ግን ጋቢ ለብሶ፣ ከዘራ ይዞ የተናገረን ሰው ማን ይሽረዋል። ሁሉም "እውነት ነው" አለ። እኔም አልኩ። የእጅህ ነገር ሲነሣ እንቢ ማለት አቃተኝ፤ መጨረሻ የነካኸው እሷን እንጂ እኔን እንኳ አልነበረም።

ምስጋናው ሳይፈታት፣ በሞተሪኖ ብቻ ሲታገላት ሰነበተ። ታቃስታለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ አትዞርም። ባትሪውም ሞተ። አርባህ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት ስነሣ የምስጋናው አልጋ ተነጥፏል። ልጅህ አልጋ አንጥፎ እንደማያውቅ ታውቃለህ። አልጠራሁትም።

አርባህ ወጣ፤ ጠላው ተጠጣ፣ አግዳሚው ለዕድሩ ተመለሰ። በማግስቱ ቱታህን ለበስኩ፣ እግሩን አጠፍኩና ወጣሁ። ጋሼ ፈንታው በር ላይ አዩኝና "ሴትዮ፣ አበድሽ እንዴ?" አሉኝ። "አርባው ወጥቷል ጋሼ፤ በአዋጅዎ መሠረት ነው" አልኳቸው።

ስንት ዘመን ቁልፍ ሳቀብልህ፣ ባትሪ ሳበራልህ የለፈለፍከው ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ቀላሉን አስቀድሚ ትል ነበር። ሞተሩን የሚያሞቁትን ካንዴሊቶች ነቀልኩ፣ የታመቀው አየር ይውጣ ብዬ፤ ያው ከባድ። ቺንጋውን፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ አወጣሁ፤ ያው። እንግዲህ ሕመሙ ከታች ነው። ዘይቱን አፈሰስኩ፣ ቋቱን ፈታሁና በጀርባዬ ሥሯ ገባሁ። ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ በብረት ማቀፊያዎቹ ታስሮ ታየኝ። መካኒክነት ላስተማርከው ሁሉ ሰብከሃል፦ "ማቀፊያ ከሚቀመጥበት ወንበር ጋር በቁርባን የተጋባ ነው። ከሌላ ወንበር ብታስቀምጠው ዘንጉን ያንቃል። አንዱን ባሰርክ ቁጥር ዘንጉን አዙረህ እይ።"

የመጀመሪያው ቡሎን እንቢ አለኝ። ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰካሁ፤ እንቢ። ቡሎን ባንተ ቋንቋ በኽምጣኛ ካልተሰደበ አይፈታም ትል አልነበር? የእኔ ኽምጣኛ የገበያ ነው፤ ቢሆንም ያቺን የምትወዳትን፣ ልጆች ሲሰሙ የምቆጣህን ስድብ ለቀቅኩበት። ተፈታ። እዚያው ተኝቼ ሳቅኩ፤ ሳቁ በኋላ ምን እንደሆነ አልነግርህም።

አንዱን አላላሁ፣ አዞርኩ፤ ከባድ። ሁለተኛውን አላላሁ፤ ትንሽ ተነፈሰች። ሦስተኛውን ሳላላ በአንድ እጄ ዞረች። ሁለቱን ማቀፊያዎች አውርጄ ዘይቱን ጠረግኩ። ከሁለተኛው ወንበር ያወረድኩት ላይ ሦስት ቁጥር ተቀርጿል፤ ከሦስተኛው ባወረድኩት ላይ ሁለት። አቀያይረሃቸዋል፣ ኪሮስ። አንተ። አዙረህም አላየህም።

ደረትህን እያሸህ "ጋዝ ነው" ያልከኝ ያን ቀን ነበር። ለእኔ የደበቅከውን ሕመም ለሞተሩ ነግረኸው ኖሯል።

ወደየቦታቸው መለስኳቸው፤ አንዱን ባሰርኩ ቁጥር አዞርኩ። የነቀልኩትን ሁሉ መልሼ፣ ዘይቷን ሞልቼ፣ የጎረቤት ባትሪ ተውሼ ሳስነሣት፣ ጥቂት አንገራግራ ተነሣች። ልጄን የወሰደብኝ የአንድ ቀን ሥራ ነበር።

ለሰው "ፋሻው፣ የፒስተኑ ቀለበት፣ ጠብቆ ነው" አልኩ። ጋሼ ፈንታው አሁን በየጠላ ቤቱ "ፋሻ ነው ብዬ አልነበር?" እያሉ ነው። እውነቱን ግን እዚህ ጻፍኩት። አንተ የሌላ መካኒክ ስህተት አግኝተህ ለከተማው ሳታወራ አድረህ አታውቅም፤ ተራህ ነው፣ የምነግረው ግን ላንተ ብቻ ነው።

ምስጋናው በሰው ስልክ ደወለ። ተሻግሯል። ፍየል ይጠብቃል። አበርገሌን የሚያህል የፍየል አገር ትቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ፍየል! ልስቅ ስል "ሲመሽ አሠሪዬ ከፍየሎቹ ጋር ይቆልፍብኛል" አለኝ። ስልኩን ይዤ ወደ ፒክአፗ ሮጥኩ፣ አስነሣኋትና ወደ ሞተሩ አስጠጋሁለት። እስኪበቃው አዳመጣት። ከዚያ "ምኗ ነበር?" አለኝ። ለእሱም ፋሻ ነው አልኩት። እዚያ የተቆለፈብህ ሁለት ብረት ቦታ ተለዋውጠው ነው ብዬ ልንገረው?

"አጥፊያት እማ፤ ናፍጣ አትፍጂ" አለኝ። ድምፁ ቁርጥ ያንተ ነው።

አልሸጣትም። በገበያ ቀን ሁሉ፣ ሰው ሲወጣና ግቢው ጭር ሲል፣ ፒስተኖቹ ዝገው እንዳይጣበቁ ዘንጉን በእጄ አንድ ዙር አዞረዋለሁ። ስጀምር ያንተን ስም እጠራለሁ፣ ስጨርስ የእሱን። የሾፌሩን መቀመጫ ወደፊት አላስጠጋሁትም፤ እንዳንተ ቁመት ወደኋላ እንደተሳበ ነው። የልጅህም ቁመት ያው ነው። ቁጥር ባይቀረጽበትም የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሌላ ሰው አላስቀምጥበትም።

ያንተው ቁልፍ አቀባይ