ተሳቢውን አልሸጥም

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ገብረ ወልድ፣
ኮምቦልቻ

አባባ፣ እንደምን ከረሙ? ዝናቡ እንዴት ይዞዎታል? የጉልበትዎ ቁርጥማት ከብርዱ ጋር ተነሥቶ ይሆን? እንቅልፍዎስ፣ ዓይንዎስ? እምዬ ወርቅውሃ ወገቧ ተሻላት ወይስ እንደ ልማዷ ደህና ነኝ እያለች ትደብቃለች? ቦርከና ዘንድሮም ሞልቶ ሰውን አስቸግሮ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። ፍልሰታን በሰላም ያስፈጽማችሁ። እኔና ልጄ ሚካል፣ ስሙ ይመስገን፣ ጤነኞች ነን፤ እንዲያውም ፀሐይ አጥቁራናለች።

የምጽፍልዎ ስልኩን ስለዘጉብኝ ነው። «ያንን ተሳቢ ሳትሸጪ እንዳትደውዪልኝ» ብለው ጠረቀሙት። ከዚያ ወዲህ ስደውል ወንድሜ ሀብታሙ እያነሣ «አባባ ተኝተዋል» ይለኛል። በጠራራ ፀሐይ! እርስዎ በቀን መተኛት ከመቼ ወዲህ ነው የለመዱት? ይሁን። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይጠረቀምም። አላነብም ብለው ቢወረውሩት እንኳ እምዬ አንሥታ ለሀብታሙ ልጅ ለአርሴማ ጮክ ብለሽ አንብቢው ማለቷ አይቀርም፤ ከጓዳም ሆነው ይሰሙኛል። እንግዲያው ይስሙኝ። ተሳቢውን አልሸጥኩትም፤ አልሸጥምም። ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ።

ባለቤቴ ጉልላት ካረፈ ወዲህ ሚካል ዝም ያለች ልጅ ሆነች። የእናንተ ክረምት የእኛ በጋ ነው፤ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ፀሐይዋ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት አትጠልቅም፣ ስዊድኑ ሁሉ ከተማውን ለቆ ወደ ባሕርና ወደ ጫካ ይፈልሳል። እኔ ፍሌሚንግስቤሪ ካለው ሆስፒታል ሥራዬን ጨርሼ ሮግስቬድ ቤቴ ስገባ፣ ልጄ መጋረጃውን ዘግታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ አገኛታለሁ። በአማርኛ ሳናግራት በስዊድንኛ ቃል ቆርጣ ትመልስልኛለች። ያለፈው ዓመት በጋ እንዲህ አለፈ። አስታማሚ ነኝ፤ ሰው በሽታ ሳይኖረው ሲከስም አይቻለሁና ፈራሁ።

ከእኛ በታች የሚኖሩ አንድ አዛውንት ሚስታቸው ሲሞቱባቸው ሁስቫግናቸውን ሊሸጡ ማስታወቂያ ለጠፉ። ሁስቫግን ማለት እርስዎ ተሳቢ የሚሉት፣ በመኪና የሚጎተት ትንሽ ቤት ነው፤ አልጋ፣ ምድጃና ጠረጴዛ አለው። ሚካል ደረጃው ሥር ቆማ ፎቶግራፉን ስታየው ደረስኩባት። «እንዲህ ያለ ነገር ደስ ይልሻል?» አልኳት። «አባዬ አንድ ቀን እንገዛለን ብሎኝ ነበር» አለችኝ። በአማርኛ ነው ያለችኝ፣ አባባ። በማግስቱ ገዛሁት።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ከእኔ ቀድሞ ደረሰ። የጉልላት ታላቅ ወንድም ሞላልኝ በሙት ዓመቱ ዕለት ሰው በተሰበሰበበት «ባሏን ቀብራ አሁን ደግሞ ቤት ልትጎትት ነው» አለ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አቀረቀረ። እኔ ጠላ እየቀዳሁ ነበር። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥኩና «ቤቴ ስላልፈረሰ ነው የምጎትተው፤ የፈረሰ ቤት አይጎተትም» አልኩት። ከዚያ መቅዳቴን ቀጠልኩ።

ቀጥሎ የመኪናው ነገር መጣ። ትንሿ መኪናዬ ያን ቤት ልትጎትት ቀርቶ እሱ ነበር ወደ ኋላ የሚጎትታት። ሞላልኝ «ብቻሽን ከሄድሽ ያታልሉሻል» ብሎ ሳልጠራው መኪና ሻጩ ዘንድ ተከትሎኝ መጣ። ሻጩ ከእኔ ጋር አላወራም፤ ዓይኑን ከሞላልኝ ላይ ሳይነቅል አንድ እንደ ተራራ የቆመ ጂፕ አሳየን። ሞላልኝ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ «ይሄ ነው መኪና! ይሄ ቤት አይደለም ቤተ ክርስቲያን ይጎትታል» አለ። እኔ ግን የዚህን አገር ሕግ አጥንቼ ነው የሄድኩት። በእኔ መንጃ ፈቃድ ተሳቢው ከነሙሉ ጭነቱ ከባዶው መኪና መክበድ የለበትም፤ የሁለቱ ክብደት ሲደመርም ወሰን አለው። ትንሽ መኪና በፊተኛው ይወድቃል፣ ጂፑ ደግሞ ለራሱ ከባድ ስለሆነ በኋለኛው ይወድቃል። ይህንን ለሻጩ ስነግረው «ማንም አያይሽም» አለኝ። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን ያየው። «እኔ አያለሁ» አልኩትና ወጣሁ።

የገዛሁት አሮጌ ቮልቮ ነው፤ ረጅም፣ ኋላው እንደ ሣጥን የተቆረጠ፣ ቀለሙ የደረቀ ሰናፍጭ የሚመስል። ሚካል ስታየው ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ነገር ግን ክብደቱ ልክ ነው፣ የኋላ ጎማው ነው የሚገፋው፣ ሞተሩም አይቸኩልም።

ቤቱን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው መንጠቆ ላይ ደግሞ ሌላ ጠብ። ጋራዡ ሁለት ዓይነት አቀረበልኝ፦ አንዱ ቋሚ፣ ሌላው ሲፈልጉ የሚነቀል። ሞላልኝ «የሚነቀለውን አድርጊ፤ ቤተ ክርስቲያን ስትመጪ እንደ ጭነት መኪና ብረት አንጠልጥለሽ ታሳፍሪናለሽ» አለኝ። የሚነቀለው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ አባባ። እኔ ግን የምደብቀው ነገር የለኝም፤ ቋሚውን አስገጠምኩ። እሑድ ዕለት ከቅዳሴ ስንወጣ ሞላልኝ በመኪናዬ ኋላ ሲያቋርጥ መንጠቆው ቅልጥሙን መታው። እግዜር ይማረኝ፣ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ይህን ሁሉ በደስታ ልነግርዎ ስደውል ነው እርስዎ የተቆጡት። እንዲህ ነበር ያሉኝ፦ «ተሳቢ ከኋላሽ የሚከተል ጠላት ነው። ብዙነህን የበላው ተሳቢ ነው። መወዛወዝ ሲጀምር ፍሬን የነካሽ ዕለት አለቀልሽ። ነዳጁን ለቀሽ፣ መሪውን ቀጥ አድርገሽ እስኪበርድለት መጠበቅ ነው፤ ያን ደግሞ ወንዱም አይችለው እንኳን አንቺ!» ረዳትዎ ብዙነህ ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ እንዴት እንደ ሞተ አውቃለሁ። ለሳምንታት ከሰው ጋር ሳይነጋገሩ ደጅ ላይ ሲቀመጡ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። በሐዘንዎ አልቀልድም። ነገር ግን እርስዎ ከዚያ በኋላ ተነሥተው የጭነት መኪናዎን ይዘው እንደገና አሰብ ወርደዋል። ማን ከለከለዎት?

ሐምሌ ላይ የሥራ ባልደረባዬን ትርሓስን ይዘን ተነሣን። አስቀድሜ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ወደ ኋላ መንዳት ተለማመድኩ። መሪውን ወደ ቀኝ ሳዞር ቤቱ ወደ ግራ ይሄዳል። ሚካል ከኋላ ቆማ እጇን እያወናጨፈች ስትመራኝ፣ አንዴ አጥር ልገጭ ስል ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከጉልላት ቀብር በኋላ ያን ሳቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ወደ ሰሜን በሚወስደው ሰፊ መንገድ ላይ ቁልቁል ስንወርድ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ቀደመን። ነፋሱ መታን፣ ቤቱ ጅራቱን ወዘወዘ፣ ቀጥሎ ባሰበት፤ መኪናው ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ ተጎተተ። በስፖኪዮው ሳይ ቤቱ ከጎኔ ሊመጣ የደረሰ መሰለኝ። ትርሓስ «ማርያም! ማርያም!» ትላለች። እግሬ በራሱ ጊዜ ወደ ፍሬኑ ሄደ። ያን ጊዜ የእርስዎን ቁጣ ሰማሁ፣ አባባ፤ «አለቀልሽ» ያሉኝን። እግሬን መለስኩ፣ ነዳጁን ለቀቅኩ፣ መሪውን ሁለት እጄ እስኪደነዝዝ ቀጥ አድርጌ ያዝኩት። ወዘወዘ፣ ወዘወዘ፣ በረደለት። ዳር ይዤ ማረፊያው ላይ አቆምኩና ወርጄ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ።

ትርሓስ «እህቴ፣ እግዜር አትርፎናል፣ እንመለስ» አለችኝ። ሚካል ግን የቤቱን በር ከፈተች። የውሃ ጀሪካኑን፣ የዱቄቱንና የድስቱን ሣጥን ሁሉ ኋላ አልጋው ሥር ጠቅጥቄው ነበር፤ ቤቱ ጅራቱ ከብዶ አፍንጫው ስለ ቀለለ ነው መንጠቆው ላይ የተወዛወዘው። አዛውንቱ ጎረቤታችን ከባዱን መሐል ከጎማው በላይ አድርጉ ብለውን ነበር፤ እኔ በጥድፊያ ረሳሁት፣ እሷ አልረሳችውም። ያን ሁሉ እየጎተተች ወደ መሐል አመጣችና ላቧን እየጠረገች ብቅ አለች። «እማዬ፣ ኢንተ ሄም» አለችኝ፤ ከዚያ ያልገባኝ መስሏት በአማርኛ ደገመችው፦ «ወደ ቤት አይደለም። ወደ ፊት።»

ሄድን። ሕጉ ከሚፈቅደው ፍጥነት ሳላልፍ፣ ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ጡሩምባ ቢነፋብኝም ባይነፋብኝም። ቤቱ እንደ ሰለጠነ በቅሎ ተከተለኝ።

ባሕሩ ዳር ገደሉ ወደ ውሃ የሚገባበት ቦታ አለ፤ እዚያ ሰፈርን። አንድ ከሰዓት ሚካል ውሃው ውስጥ እግሯን ነክራ «አባዬ ቢኖር ይሄንን መንዳት ይችል ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። እውነቱን ነገርኳት። አባቷ መኪና ማቆም አያውቅበትም ነበር፤ ፈተናውን እየወደቀ ጥፋቱን በፈታኙ ያሳብብ ነበር። እሷ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፣ እንደገና ሳቅን። ስለ እሱ እስከዚያ ቀን አንድም ጊዜ ተቀምጠን አውርተን አናውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ጥያቄዋ አላቆመም፤ የት ተገናኛችሁ፣ ምን ይወድ ነበር፣ ሲያመው ለምን ወደ ክፍሉ አላስገባችሁኝም። የመጨረሻው ከበደኝ፤ ግን መለስኩላት። ከተመለስን ወዲህ ጠዋት መጋረጃውን የምትከፍተው እሷ ናት።

አሁን ይፍረዱ። ይህንን ነው ሽጪው የሚሉኝ? ሞላልኝ ይስቅ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ያውራ፤ እርስዎም ይቆጡ፣ አባቴ ነዎትና መብትዎ ነው። እኔ ግን የገብረ ወልድ ልጅ ነኝ፤ ግትርነቱን ከጎረቤት አልተበደርኩትም።

ለእምዬ ወርቅውሃ ጉልበቷን ሳሙልኝ። ለሀብታሙ ውሸት እንደማይችልበት ንገሩልኝ፤ እንዲያም ሆኖ እወደዋለሁ። ይህን ለምታነብላችሁ ለአርሴማ ጉንጯን ሳሙልኝ፤ ሚካል በእጇ የጻፈችላትን ወረቀት እዚሁ ውስጥ ታገኘዋለች። ጎረቤታችንን እማማ ጥሩነሽን፣ የዕድሜ ጓደኛዎን አቶ አዲሱንም ሰላም በሉልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለመጪው በጋ የእርስዎንና የእምዬን የጥሪ ወረቀት ልኬያለሁ፤ ሀብታሙ ፓስፖርታችሁን ያስጨርስ። ይህን ሁሉ ዘመን ሌላውን ሲያጓጉዙ ኖረዋል፣ አሁን ጋቢና ውስጥ ከጎኔ ተቀምጠው አገር ይዩ። መሪውን ግን አልሰጥዎትም።

የምትወድዎ ልጅዎ
አክበረት ገብረ ወልድ
ሮግስቬድ፣ ስቶክሆልም
ነሐሴ ፲፪ ቀን ፲፱፻፺፰ ዓ.ም.