ከላሟ የኋላ እግሮች ስለመሰናበት

ለሃርሎ ክሪክ ከተማ የሃሎዊን ሰልፍ አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት
ለክብርት ወይዘሮ ማርጎ ፕሩዊት፣ ሰብሳቢ
ሃርሎ ክሪክ፣ ኦሃዮ

ቀን፦ ኦክቶበር 3 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.

ጉዳዩ፦ ከላሟ የኋላ እግርነት ተሰናብቼ ዘንድሮ የምለብሰውን ራሴ እንድመርጥ ስለመጠየቅ

አመልካች ቨርነን ስታውፈር፣ በዚህች ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ያደልኩ ጡረተኛ ነኝ። በየዓመቱ ሰው ሁሉ የመሰለውን መስሎ በሚወጣበት በሃሎዊን ሰልፉ ላይ ከእሳት አደጋ መኪናው ቀጥላ የምትሄደው ነጭና ጥቁር ላም የሁለት ሰው ልብስ መሆኗን ክብርነትዎ ያውቃሉ። የፊቱ ሰው አቶ ሮስኮ ዴትዋይለር ነው። የኋላው እኔ ነኝ።

1. የዛሬ ሰባት ዓመት ከእኔ በፊት የነበረውን የኋላ ሰው ወገቡን ቢያመው "ለዘንድሮ ብቻ ተባበረን" ተባልኩና ፈረምኩ። ያ "ዘንድሮ" ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀም።

2. በእነዚህ ዓመታት ሰልፉን አንድ ቀን አላየሁትም፤ የማየው የአቶ ሮስኮን ቀበቶ ነው። እሱ በላሟ አፍ ከረሜላ እየበተነ ይጨበጨብለታል። በዚያ ላይ ሰልፍ ከመውጣቱ በፊት ባቄላ የበዛበት ቺሊ የሚባል ወጥ ካልበላ አይሆንለትም። እግዜር ያሳይዎት፣ ስንቴ ለመንኩት! "አንተ ደግሞ ታበዛዋለህ፣ መተንፈሻ ቀዳዳ አለህ አይደል?" ይለኛል። ክብሩስ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆኖብኛል።

3. በሰልፉ ደንብ አንቀጽ 4 መሠረት ላሟ ውስጥ ማን እንዳለ ያወጣ ሰው ዳግመኛ አይለብሳትም፣ ስሙም ከክብር ሰሌዳው ይፋቃል። በአንቀጽ 5 ደግሞ መልቀቅ የፈለገ ምትክ ያመጣል። ምትክ ልፈልግ ብል ምስጢር ማውጣት ነው፤ ምስጢር ልጠብቅ ብል ምትክ ከየት ይመጣል? ፀጉር አስተካካዬን በዘዴ "የአንድ ነገር የኋላ ክፍል መሆን አያምርህም?" ብዬ ብጠይቀው፣ ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል።

4. ዊላ የምትባል የስድስት ዓመት የልጅ ልጅ አለችኝ። በየዓመቱ የራሷን ልብስ ስትመርጥ የእኔንም አብራ ትመርጣለች። አምና እሷ እሳት፣ እኔ እሳት አጥፊ እንድሆን ወስና ነበር። ጉልበቴን አመመኝ ብዬ ዋሸኋት። ሰልፉ ባንኩ ፊት ለፊት ሲቆም እሳቷን ለብሳ መጣችና የላሟን የኋላ እግር፣ ማለትም የእኔን እግር፣ አቀፈች። "አባባዬ ዘንድሮም ቀረ" አለቻት ላሟን። "የሚያፍርብኝ ይመስልሻል?"

በእኔና በእሷ መካከል የነበረው አንድ ጨርቅ ነው። ደንቡን አክብሬ ዝም አልኩ። አቶ ሮስኮ ከፊት ሆኖ "እምቧ" አለላት። እዚያው ጎንበስ እንዳልኩ አለቀስኩ፤ እንባዬን የምጠርግበት እጅ እንኳ አልነበረኝም፣ ሁለቱም የአቶ ሮስኮን ወገብ ይዘዋል።

5. ዘንድሮ እሷ ዶሮ ናት፤ እኔ እንቁላል። እናቷ ጆሊን እንቁላሉን ሰፍታ ጨርሳለች። ዊላ "እንዳትቀር፤ ያለ እንቁላል ዶሮ መሆኔን ማን ያውቃል?" ብላኛለች። በኦገስት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ጉዳዬን ባስረዳ "ቨርን፣ የአንድ ቀን ነገር እኮ ነው፣ ልጅ ይረሳል" ብለው መለሱኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህቺ ልጅ አትረሳም።

ስለሆነም ሌላ መውጫ በማጣቴ ይህን ማመልከቻ ከዚህ በታች ለተጠቀሱት በማሳወቅ ምስጢሩን አውጥቻለሁ። በአንቀጽ 4 የተደነገገው ቅጣት፣ ከላሟ መባረሬም ሆነ የስሜ መፋቅ፣ አንድም ሳይጎድል ከሰልፉ በፊት እንዲፈጸምብኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።

ከማይጓደል አክብሮትና ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ቨርነን ስታውፈር

ግልባጭ፦
ለከተማው ቤተ መጻሕፍት፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጠፍ
ለአቶ ሮስኮ ዴትዋይለር፣ እንዲያውቁት
ለዊላ፣ አራተኛው ተራ ቁጥር ጮክ ተብሎ እንዲነበብላት