ውሃው ከቀዩ ችካል በታች እንዳይወርድ

ቀን፦ ዲሴምበር 4 ቀን 2025
ለላይኛው ኪስላክስ ግድብ የውሃ አስተዳደር ቢሮ ኃላፊ
ብሪቲሽ ኮሎምቢያ

ጉዳዩ፦ የፊታችን ማክሰኞ ሊደረግ የታቀደው የውሃ ቅነሳ የሳልሞን ጫጩቶችን እንዳይፈጅ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. አመልካች የታችኛው መንደር ነዋሪ ስሆን፣ ባለፈው ሴፕቴምበር ወንዙ ጎድሎ ዓሦቹ ከወንዙ ጠባብ መተላለፊያ በታች ሲታጎሩ ውሃ እንዲለቀቅ ያመለከትኩት እኔው ነኝ። ቢሮዎ ሳይውል ሳያድር ለቀቀልን፤ ምስጋናዬ ዛሬም አለ።

2. ዓሦቹ መተላለፊያውን አልፈው ሽቅብ ወጡ። ነገር ግን ውሃው ከፍ ስላለ በጋውን ሙሉ ደረቅ በነበረው የዳር ጠጠር ላይ ጉድጓድ እየማሱ እንቁላላቸውን ጣሉ። ዳር ላይ አርባ አንድ ጉድጓድ ቆጥሬያለሁ፤ መሃል ወንዝ ላይ ያለው አሥራ ዘጠኝ ብቻ ነው። ያን ጊዜ አጎቴ ክሊፈርድ፣ «አንቺ፣ ውሃውን ስትጠሪ እስከ መቼ እንደሚቆይ ጠይቀሻል?» አለኝ። አልጠየቅኩም ነበር። ከዚያ ወዲህ ፍርሃት እንቅልፍ ነስቶኛል።

3. የቢሮዎ ማስታወቂያ ፅንሶቹ ገና እንቁላል ውስጥ ስለሆኑ እርጥብ ጠጠር ይበቃቸዋል ይላል። ለእንቁላል እውነት ነው። ሆኖም ስሌቱ የተሠራው በአምናው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ዘንድሮ ወንዙ ሞቅ ብሏል፤ ውሃ ሲሞቅ ደግሞ ፅንስ ይፈጥናል። እንቁላሉ ከተጣለ ጀምሮ በየማለዳው እየለካሁ የምደምረው የውሃው ሙቀት ድምሩ ዛሬ 506 ዲግሪ ገባ፤ እነዚህ ዓሦች ድምሩ አምስት መቶ ግድም ሲደርስ ይፈለፈላሉ። ራሴንም ስላላመንኩ አንድ ድንጋይ ቀስ ብዬ አነሳሁ። አንዲት ጫጩት አስኳሏን ከሆዷ ሥር እንዳንጠለጠለች ብርሃኑን ሸሽታ ጠጠር ውስጥ ገባች። ድንጋዩን በቦታው መለስኩ። የተፈለፈለች ጫጩት የሚፈስ ውሃ ትፈልጋለች፤ ጠጠሩ ከደረቀባት ቀኑን አትውልም።

4. ስለዚህ ጫጩቶቹ ከጠጠር እስኪወጡ፣ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ፣ ውሃው ዳር ላይ ከተከልኩት ቀይ ችካል በታች እንዳይወርድ በትሕትና እለምናለሁ። ይህ የማይቻል ከሆነ፣ የግድቡ በር ከመዘጋቱ በፊት አንድ ባለሙያ ይላኩልኝና ከእኔ ጋር አንድ ድንጋይ ያንሳ። አጎቴ፣ «ቢሮ ወረቀት እንጂ ድንጋይ አያነሳም፣ አትድከሚ» ይለኛል። እባክዎ ያሳፍሩልኝ።

እነዚህ ጫጩቶች አድገው ከባሕር በሚመለሱበት ጊዜ፣ ከአራት ዓመት በኋላ፣ የዓሣ ማጨሻ ጎጇችን ባዶ ከቀረ፣ ዓሦቹን እዚያ ጠጠር ላይ ማን እንደጠራቸው መንደሩ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ከችካሉ አጠገብ እቆማለሁ፤ መልስዎን ከውሃው አየዋለሁ።

ከነፍርሃቴ፣ ከከበረ ሰላምታ ጋር፣
ዶሪን ማርስደን
(ፊርማ)

አባሪ፦ ውሃ እንዲለቀቅ የጠየቅኩበት የሴፕቴምበር ማመልከቻ፣ ይኸው ፊርማ ያለበት።